የቤት አያያዝ፦ የቤታችንን ማኅደር ስለ ማስፋትና ስለ ማደራጀት



በዱሮ ጊዜ የቤት እመቤት ከአልጋዋ ራስጌ የምታኖረው አንድ ሣጥን ነበራት። የጋብቻው ውል፥ የልጆች የክርስትና ምስክር ወረቀት፥ የሟች አባት ፎቶግራፍ፥ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉም ከእርሷ አይለይም ነበር። ዛሬ ግን ፎቶግራፉም፥ የተቀዳው ድምፅም፥ የቤቱም ሰነድ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ሆነ ሣጥኑ መልኩን ለውጧል። በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሲኤምሲና በአያት በኩል ካሉት ቤቶች በአንዳንዶቹ፥ ከኢንተርኔቱ ራውተር አጠገብ፥ አነስተኛ ሣጥን የመሰለ መሣሪያ ተቀምጦ ይታያል። ይህም የቤት ሰርቨር የሚባለው ነው። ስክሪንና ኪቦርድ ሳያስፈልገው ቀንና ሌሊት በርቶ የሚያድር ኮምፒዩተር ሲሆን፥ በውስጡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስኮች አሉበት፤ የቤተ ሰቡም ስልኮች በቤቱ ኔትወርክ አማካይነት ፎቶግራፋቸውን ወደ እርሱ ይልካሉ።

በዚህ ወር ስለዚህ መሣሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ቤት የደረሰው ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት በገርጂ በሚገኘው ቤታችን የሰርቨሩ ሥፍራ ሞላ። በውስጡ የነበሩት ሁለት ዲስኮች እያንዳንዳቸው ባለ 2 ቴራባይት ሆነው፥ በአንዱ የተጻፈው ሁሉ በሌላውም ይጻፍ ነበር። እኔም ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ገዝቼ ልለውጣቸው ተነሣሁ። አንዱን አሮጌ አውጥቼ በሥፍራው አዲሱን ብሰካ፥ መሣሪያው ከቀረው አሮጌ ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመረ። ሥራው ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ስለ ነበር ትተነው ተኛን። ያወጣሁትንም ዲስክ ልጄ «ከእንግዲህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ፥ በውስጡ ያለውን አጥፍቶ ለራሱ ሥራ አዘጋጀው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። በተመለሰም ጊዜ፥ ሰባት ዓመት ያገለገለው የቀረው አሮጌ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ አልነሣም አለ። አዲሱ ደግሞ ገና ከግማሽ አልደረሰም ነበር።

በዚያ ዲስክ ላይ፥ እናቴ ከማረፏ በፊት የልጅ ልጆቿን በየስማቸው እየጠራች የመረቀችበት ድምፅ ነበረ። ለሦስት ቀን ባለቤቴና እኔ ብዙም አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ድምፁ የተገኘው በአያት ከምትኖረው እኅቴ ዘንድ ነው፤ ለአርባው መታሰቢያ ዕለት ዘመድ ይስማው ብላ በትንሽ ፍላሽ ገልብጣው ኖሯል። የልጆቻችን የሕፃንነት ፎቶግራፎች ግን አብዛኞቹ እንደ ጠፉ ቀሩ። ጥፋቱን በመብራቱም በልጄም ላይ አላደርገውም። ሥፍራ ማስፋትንና ንብረት መጠበቅን አንድ አድርጌ የቆጠርሁ እኔ ነኝ።

ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ጎን ለጎን መሥራታቸው የሚጠቅመው፥ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ ነው። ልጅ በስሕተት አንድ ፎልደር ቢሰርዝ ግን ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፤ ሌባ ቢገባ፥ እሳት ቢነሣ፥ የመብራቱ ኃይል ከልኩ በላይ ቢመጣ ሁለቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች እንደ ሁለት ቅጂ ሊቆጠሩ አይገባም። የዚህ ሙያ ሰዎች የሚሰጡት ደንብ፥ ሦስት ቅጂ ይኑር፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፥ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ ይደር የሚል ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ. ም.፥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ የተገኙት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፥ በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ደረሰ። የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ግዛት፥ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፥ ዛሬ የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት በሚባለው ተቋም ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፤ ለምሳሌ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚህ መዝገብ 1832 ተብሎ ይታወቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ. ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የየመጽሐፉን ይዘት እየመረመሩ በካታሎግ አስፍረውታል። የእኛ ቤት ማኅደር እጅግ ያነሰ ቢሆንም የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ በሌላ ሥፍራ የሚያድር ቅጂና ፈልጎ የሚያገኙበት ሥርዓት።

እንግዲህ የሰርቨሩን ሥፍራ ለማስፋት የተነሣ ሰው ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያደርገው ይጠቅመዋል። አንደኛ፥ ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ያለውን ሁሉ ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፤ ከቅጂውም ላይ ጥቂት ፎቶግራፎችን ከፍቶ ይመልከት። ሁለተኛ፥ ሰርቨሩንና ራውተሩን ዩፒኤስ ከሚባለው ባለ ባትሪ መሣሪያ ጋር ያገናኝ። ዩፒኤሱ በገመድ ከሰርቨሩ ጋር ሊነጋገር የሚችል ከሆነ፥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛ፥ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ይለውጥ፤ የመጀመሪያው ተገልብጦ ማለቁን መሣሪያው ሳያስታውቅ ሁለተኛውን አይንካ። ሥፍራው እንዲሰፋ የሚታዘዘው ሁለቱም ከተለወጡ በኋላ ነው። አራተኛ፥ የወጡትን አሮጌ ዲስኮች ቀን ጽፎባቸው ቢያንስ ለአንድ ወር በመሳቢያ ያኑራቸው፤ ማንም እንዳይነካቸውም ለቤተ ሰቡ ይንገር።

ስለ መጠኑም ጥቂት እንበል። አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን፥ በ1 ቴራባይት 250,000 ፎቶግራፎች ይገባሉ። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ 50 ጊጋባይት ቢሆን ግን የሚገባው 20 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሥፍራውን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ቪዲዮ ነው። ባለ 4 ቴራባይት ተብሎ የተገዛው ዲስክ በኮምፒዩተሩ ላይ 3.6 ሆኖ ቢታይ ነጋዴው አታለለ ማለት አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000፥ ኮምፒዩተሩ ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው። አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዙ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮችም የሚሰጡት የአንዱን ሥፍራ ብቻ መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ይወቅ። ደግሞም ራውተሩ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፥ 1 ቴራባይት ለማስተላለፍ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይፈጃል፤ 1,000 የሚያሳልፍ ከሆነ ግን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል።

ከሥፍራው ይልቅ የሚያደክመው ማደራጀቱ ነው። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ እኛ ግን በዓሉንና ልደቱን የምናስታውሰው በራሳችን ዘመን ነው። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ. ም. በአውሮፓው ጃኑዋሪ 20 ቀን 2024 ሲውል፥ የ2017ቱ ግን ጃኑዋሪ 19 ቀን 2025 ዋለ። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በአንድ አቆጣጠር ይስማማ። በእኛ ቤት ፎልደሩን ዓመቱን አስቀድመን፥ ቀጥሎ ወሩን፥ ከዚያም ቀኑን በቁጥር እየጻፍን «2017-05-11 ጥምቀት» እንላለን፤ ጳጉሜን 13 ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ራሱ በተራ ያሰልፋቸዋል።

ስለ ፊደልም መጠንቀቅ ያሻል። አንዱ «ሠርግ»፥ ሌላው «ሰርግ» ብሎ ቢጽፍ፥ ለእኛ አንድ ቃል ሲሆን ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ነው፤ በአንዱ የፈለገ ሌላውን አያገኝም። የተለመዱት ቃላት አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ተዘርዝሮ ከሰርቨሩ አጠገብ ይለጠፍ። ስሙም አጭር ይሁን። ብዙዎቹ ሰርቨሮች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ሲሆን፥ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ መጻፍ አይቻልም።

ከቤት ውጭ የሚያድረውን ቅጂ በተመለከተ፥ የገርጂው በአያት፥ የሲኤምሲው በቦሌ ባለ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ መልካም ነው። ዘመድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ሲመለስም አንድ ዲስክ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ይሁን፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ፤ ባልም ሚስትም ይወቁት። ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እርሱ ካረፈ፥ ማኅደሩ ተቆልፎ ይቀራል።

እኔ አሁን በየሦስት ወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ቤት እየሄድሁ ዲስኩን እለውጣለሁ። ልጆቹም አብረውኝ ይመጣሉ። ባለፈው ጊዜ እኅቴ የዱሮ ፎቶግራፎችን እያየች ይህ እገሌ ነው፥ ይህችም እገሊት ናት እያለች ስትነግረን ልጄ ስማቸውን ጻፈ። ሊጠሩ ከቀሩት መካከል ሁለቱን ግን እርሷም አላወቀቻቸውም፤ እናታችን በሕይወት ሳለች ብንጠይቃት ኖሮ ትነግረን ነበር። በቤታችሁ የሚጠየቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፥ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ጀምሩ።