ተያዥ አምጣ

አንድን ልጅ ከሱስ ለማውጣት ስንነሳ ገንዘባችንም ትዕግሥታችንም የሚያልቀው ማስገባቱ ላይ ነው። ቤተሰብ ወርቁን ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ ማገገሚያ ያስገባዋል፤ አቅም ያነሰው ጸበል ይወስደዋል፤ አማኑኤል ሆስፒታል ተራ የሚጠብቅም አለ። ልጁ ፊቱ ጠርቶ፣ ሥጋ ለብሶ ሲመለስ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደየጉዳዩ ይበተናል።

ይህ እፎይታ ሰው ይገድላል። ፔቲዲን የተባለውን ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ ለወራት ያልነካ ሰውነት የድሮውን መጠን መሸከም አይችልም። ሥራ ፈትቶ የዋለ፣ ከቀድሞ ጓደኞቹ በቀር የሚያናግረው ያጣ ልጅ አንድ ቀን እንደ ድሮው ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚገጥመውን እንይ። ጥበቃ በለው፣ ሾፌርነት በለው፣ ግምጃ ቤት በለው፣ ተያዥ ይጠየቅበታል። ተያዡም ቋሚ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ የደመወዙን ልክ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። ለሌላው የእህቱ ልጅ ባለፈው ዓመት ዓይኑን ሳያሽ የፈረመ አጎት፣ ለዚህኛው ሲሆን «መሥሪያ ቤታችን መጻፍ አቁሟል» ይላል። ልጁ ነገሩ ይገባዋል። የቀረበለትን ቡና ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይወጣል።

«ቢሰርቅስ?» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም፤ የእናቱን ስልክ ሸጦ ሊሆን ይችላል። ግን የካዝና ቁልፍ ስጡት ያለ ማን ነው? ጋራዥ ገብቶ ጎማ ለመፍታት፣ ብሎኬት ለማምረት ተያዥ ምን ያደርጋል? «ቢያገረሽበትስ?» ለሚሉትም፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም ከሚታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያገረሽባቸው ይገምታል። የደም ግፊትና የአስም ሕሙማንም ከዚህ ባላነሰ ያገረሽባቸዋል፤ ግፊቱ የተነሳበትን ሠራተኛ ግን እንጀራውን አንነጥቀውም።

ፖርቱጋል በ1998 እ.ኤ.አ. ቪዳ ኤምፕሬጎ የተባለ ፕሮግራም ጀምራ፣ ከሱስ የሚያገግሙትን ለሚቀጥሩ ድርጅቶች ድጎማ ሰጥታለች። እኛ ለድጎማ የሚሆን ገንዘብ ባይኖረን እድር አለን። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተምና የባንክ ሒሳብ አለው። ይኸው ልጅ ነገ ቢሞት ድንኳን ይተክልለታል፣ ለቀስተኛ ያስተናግድለታል። በቁሙ ግን ለስድስት ወር ዋስ የሚሆነው አንድ ወረቀት አይጽፍለትም። ይህ ያሳፍረኛል።

አባላት በየወሩ ከሚከፍሉት ላይ ጥቂት ብር ጨምረው የዋስትና መጠባበቂያ መያዝ ይችላሉ፤ ልጁ ቢያጠፋ ከዚያ ይከፈላል። ማገገሚያውም፣ ልጁ ከፈቀደ፣ ክትትሉን አለማቋረጡን ለእድሩ ዳኛ ያሳውቅ። ቀጣሪዎች የእድሩን የዋስትና ደብዳቤ እንደ ደመወዝተኛ ተያዥ ይቀበሉት፤ መንግሥትም በራሱ መሥሪያ ቤቶች ይጀምር።