የአየር ጉዞ ዋስትና የሠራተኛው ብቃትና የመንገደኛው ዲሲፕሊን ነው

የሰው ልጅ የሥራ መሣሪያውን በለወጠ ቁጥር ልማዱና አስተሳሰቡም አብሮ መለወጡ የኅብረተሰብ ዕድገት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የአየር ትራንስፖርት ነው። የአገራችን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ባደረገበት ጊዜ በአውሮፕላን መሳፈር የጥቂቶች ዕድል ነበር። ዛሬ ግን ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የምትሄደው ወጣት፣ ለሕክምና የሚጓዘው አዛውንት፣ ልጇን ለመጠየቅ ባሕር የምትሻገረው እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበራሉ። ስለሆነም የአየር ጉዞ ወዴት እያመራ እንደሆነ መመርመር የሠራተኛውና የየአካባቢው ነዋሪ ጉዳይ ነው እንላለን።

ለውጡ ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። ቀድሞ በእጅ፣ በካርድና በስልክ ይካሄድ የነበረው የመቀመጫ ምዝገባ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ የወረቀቱ ቲኬት በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አሠራር መሠረት በኤሌክትሮኒክ ቲኬት ተተካ። ዛሬ መንገደኛው መቀመጫውን የሚመርጠው፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱንም የሚያወጣው በራሱ ስልክ ነው። ወረፋው አጥሯል፣ ጊዜ ተቆጥቧል፤ ይህን ጥቅም የሚክድ የለም።

ሆኖም የቴክኖሎጂን ውጤት ስንመዝን ምን ጊዜም ልንዘነጋው የማይገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጥቅሙ የማን ነው የሚለው ነው። ቀድሞ የባንኮኒ ሠራተኛው ያከናውነው የነበረው ሥራ አልጠፋም፤ ያለ ደመወዝ ወደ መንገደኛው ተላለፈ እንጂ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ የዋጋና የመስመር ቁጥጥርን ካነሳ ወዲህ ኩባንያዎቹ በብርቱ ውድድር ውስጥ ገቡ። የቲኬት ዋጋ ለብዙው ሕዝብ መቅረቡ እውነት ነው። ነገር ግን ቀድሞ በአንድ ዋጋ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት እየተቆራረጠ ለየብቻው ይሸጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለመጀመሪያው ሻንጣ ሳይቀር ማስከፈል ያዙ። መንገደኛውም ክፍያውን ለመሸሽ ዕቃውን ሁሉ ወደ መቀመጫው ይዞ መግባትን ለመደ። የትርፍ ስሌት የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚቀርጽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ይህ ልማድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከ44 በላይ መቀመጫ ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው፣ ግማሽ በሮቹ ተዘግተው እንኳ በውስጡ ያሉት ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሻንጣውን ለማውረድ የቆመ አንድ ግለሰብ ከኋላው ያሉትን ሁሉ መንገድ ይዘጋል። «ንብረቴ» ሲል የሌላውን ሕይወት ያስይዛል ማለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ዓለም በጃፓን አይቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሐኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በአነስተኛው አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሙሉ በሕይወት ወጡ። አውሮፕላኑ የዘመኑ ቴክኖሎጂ ውጤት ነበር፤ ሆኖም የድምፅ ማስተላለፊያው በዚያች ሰዓት አልሠራም። ያን ጊዜ የበረራ አስተናጋጆቹ በድምፅ ማጉያና በገዛ ጉሮሯቸው መሩ፤ ሕዝቡም ዕቃውን ትቶ ተከተላቸው። ማሽኑ ዝም ባለበት ሰዓት የሰለጠነ ሠራተኛና ዲሲፕሊን ያለው ሕዝብ ሕይወትን አተረፉ።

የበረራ አስተናጋጅ ምግብ አቅራቢ ብቻ መስሎ የሚታየው መንገደኛ ይህን ሊያጤነው ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 6,000 የሚጠጋ የመንገደኞች ረብሻ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሪፖርት ተደርጓል፤ አብዛኛውም ከአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጋር የተያያዘ ነበር። የስድቡና የቡጢው ዒላማ በሥራ ገበታው ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈረመውና በ2020 በሥራ ላይ የዋለው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አውሮፕላኑ ያረፈበት አገር አጥፊውን ለፍርድ የማቅረብ ሥልጣን እንዲኖረው አድርጓል። ሕግ ግን ንቃትን አይተካም።

አየር መንገዳችን የመንግሥት፣ ማለትም የሕዝብ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነር የተባለውን አውሮፕላን ከአፍሪካ በቀዳሚነት መረከቡ ያኮራናል። ኩራታችን ሙሉ የሚሆነው ግን ስልክ መጠቀም ያልለመደችው እናት በማሽኑ ፊት ግራ ተጋብታ ሳትቀር ስትቀር ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ማስተማሩ ይታወሳል። የዛሬው ፊደል በስልክ መስታወት ላይ ነው።

በመሆኑም የየአካባቢው የነዋሪዎች ማኅበራትና ዕድሮች፣ የሠራተኛ ማኅበራትም ወደ ውጭ የሚጓዙ አባሎቻቸውን ቲኬት ማንበብን፣ የሻንጣ ክብደት መጠንን፣ ከሁሉም በላይ የአስተናጋጆችን ትእዛዝ ማክበርን ሊያስተምሩ ይገባል። አየር መንገዶችም በማሽኑ አጠገብ ሰው ማቆምን እንደ ብክነት መቁጠር የለባቸውም። ቴክኖሎጂ ሰውን የሚያገለግለው፣ ሰው ለሰው ኃላፊነት ሲሰማው ብቻ ነው!