ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ስጦታ አይደለም

«ኮዱን ጊትሀብ ላይ ለቅቄዋለሁ፤ የፈለገ ይጠቀምበት።» ይህን ከአገሬ ፕሮግራመሮች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የአማርኛ ፊደል ማረሚያ፣ የግዕዝ ኪቦርድ፣ የቃላት ዝርዝር ሠርተው ይለጥፋሉ። ልባቸው ቀና ነው። ግን ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር አንድ የፈቃድ ፋይል አይጨምሩም። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ስጦታ አይደለም። ደጅ ላይ የተቀመጠ፣ የተቆለፈ ሣጥን ነው።

ሕጉን እንየው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ አለው። መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይመጣል፤ ማስመዝገብ አያስፈልግም። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ አስቡት። ኮዱን ለጥፎ ዝም ያለ ልጅ በሕግ ዓይን «አትንኩ» እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ያችን ፊደል ማረሚያ አሻሽሎ ለሌላ ሊያድል የሚፈልግ ሰው የልጁን የልጅ ልጆች ዘመን ይጠብቅ?

ይህን ነገር ከልቡ የያዘው ዴቢያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ስርዓተ ክወና ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ኡቡንቱም ከእሱ የወጣ ነው። በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል ውስጥ 10 ነጥብ ያለው የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ አለ። ማባዛት፣ መለወጥ፣ መሸጥ ይቻል፤ ምንጭ ኮዱ ይኑር፤ በሰውም በሥራ መስክም አድልዎ አይኑር ይላል። አዲስ የምንጭ ጥቅል ሲመጣ ሰው በዓይኑ ያየዋል። በውስጡ ያሉት ፋይሎች የማን እንደሆኑና በምን ፈቃድ እንደሚሰጡ ተጽፎ ካልተገኘ ወደ ማከማቻው አይገባም። ነፃ ያልሆነ አንድ ፋይል ከተገኘ ያ ፋይል ይወጣና ጥቅሉ እንደገና ይታሸጋል።

«ኧረ ይሄ የፈረንጅ ቢሮክራሲ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ያለሁት ኮላ ድባ ነው። ደምቢያ ላይ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ ዘሩን ማን እንደሚያመጣ፣ ምርቱ እንዴት እንደሚካፈል ሳይነጋገር በሬውን አይጠምድም። ይህን የሚያደርገው ባለመሬቱን ስለሚጠላ አይደለም፤ ነገ እንዳይጣሉ ነው። ውል ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም፤ ኮድ ላይ ስንደርስ ነው የረሳነው።

የዴቢያን ሰዎች ፈቃድ ሲመረምሩ «የበረሃ ደሴት» የሚሉት መፈተኛ አላቸው። አንድ ሰው ደሴት ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኮምፒውተር አለው፤ ኢንተርኔት የለውም። ፈቃዱ «ያሻሻልከውን ለባለቤቱ ላክ» ካለው ሊፈጽመው አይችልም፤ ስለዚህ ያ ፈቃድ ነፃ አይደለም። በርሊን ለተቀመጠ ሰው ይሄ ተረት ሊመስለው ይችላል። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ግን ደሴቱ እኛ ነበርን። ያለን ነገር ላፕቶፕ ውስጥ የቀረው፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ብቻ ነበር። «ኢሜይል ላኩልኝ፣ እፈቅዳለሁ» የሚል ደግ ፕሮግራመር በዚያ ሰሞን ምን ይፈይድልናል?

ሌላው በሽታ «ለትምህርት ብቻ፤ ለንግድ አይውልም» የሚለው ነው። ትልቅ ኩባንያ እንዳይበላብን ነው ይላሉ። ግን ይህ ቃል መጀመሪያ የሚመታው ማንን ነው? አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዛ ማመልከቻ እየጻፈች የምትተዳደረውን ልጅ ነው። እሷም ነጋዴ ናት። ዴቢያን እንዲህ ያለውን ፈቃድ ነፃ ነው ብሎ የማይቀበለው ለዚህ ነው። ትልቅ ኩባንያ ኮዳችሁን ወስዶ እንዳይዘጋው ከፈራችሁ ጂፒኤል የሚባል ፈቃድ አለ፤ ፕሮግራሙን የሚያድል ሁሉ ምንጭ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይሻላል። እኛ «ነፃ» እና «በነፃ» ብለን እንለያለን። በ«በ» የምትመጣው ገንዘብ አለመክፈል ናት፤ ያለ እሷ ያለው አርነት ነው። ለዓመታት ግን የተሰበረ፣ የተሰረቀ የመጻፊያ ሶፍትዌር በፍላሽ እየተቀባበልን ነፃ የወጣን መሰለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ደንቡ ግትር ነው እንዳትሉኝ። ያለ ፈርምዌር ዋይፋይ የማይሠራባቸው ላፕቶፖች ሲበዙ የዴቢያን አባላት እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጡ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። ነፃ ነው ብለው ግን አልዋሹም፤ ለብቻው ክፍል ሰጥተው ስሙን ጻፉበት።

ፍሬውን ማየት ለሚፈልግ አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፎንት አለ። በክፍት የፎንት ፈቃድ ስለተለቀቀ በዴቢያን ዋና ማከማቻ ውስጥ ገብቷል። ኮላ ድባ ያለ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጭነዋል፣ ያባዛዋል፣ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ከፈቃድ አልባው ኮድ የሚለየው አጠገቡ የተቀመጠች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ናት።

ስለዚህ ኮድ የምትጽፉ ሁሉ ዛሬ ማታ ማከማቻችሁን ክፈቱ። ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉ። ለፕሮግራም ጂፒኤል ወይም ኤምአይቲ፣ ለፎንት ክፍት የፎንት ፈቃድ ምረጡና ሙሉ ቃሉን ጨምሩ። የመመረቂያ ሥራ የምታርሙ መምህራንም የፈቃድ ፋይል የሌለውን ፕሮጀክት መልሱ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ኔትወርክ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ልናስፈቅዳችሁ አንችልም፤ አሁኑኑ ጽፋችሁ ፍቀዱልን።