ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ የማክቡክ ኪቦርድ ጉዳይ

አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ባለ 12 ኢንቹን ማክቡክ ለገበያ ሲያቀርብ እጅግ ከተመካባቸው ነገሮች አንዱ ኪቦርዱ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ድረስ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ከእያንዳንዷ ቁልፍ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ክንዶች እንደ መቀስ ተጠላልፈው ይቀመጡ ነበር፤ ቁልፏ ስትጫን ይተኛሉ፣ ስትለቀቅ ይነሣሉ። በአዲሱ አሠራር ክንዶቹ መሀል ላይ በማጠፊያ ተያይዘው ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ሆኑ፤ በዚህም ቢራቢሮ ተባለ። ኩባንያው ቢራቢሮው ከመቀሱ 40 በመቶ የሳሳ፣ አራት እጥፍ ደግሞ የረጋ ነው ብሎ ነበር። በ2016 ይኸው ኪቦርድ ጥቂት ተሻሽሎ ወደ ማክቡክ ፕሮ ተዛወረ፤ በ2018 ማክቡክ ኤርም ተቀላቀለ። በዚህ መልክ አፕል የሚሸጣቸው አዳዲስ ላፕቶፖች በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ዓይነት ኪቦርድ ላይ ወደቁ።

የመሳሳቱ ዋጋ ብዙም ሳይቆይ ታየ። የቢራቢሮ ቁልፍ ስትጫን የምትወርደው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ በጠበበ ክፍተት ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች መውጫ የላትም፤ ክንፉ ሥር ተሰንቅራ ቁልፏን ትይዛታለች። የቀድሞው ኪቦርድ ሰፋ ያለ ክፍተት ስለነበረው ያቺኑ ቅንጣት ችሎ ዓመታት ይሠራ ነበር። አዲሱ ግን በጠረጴዛ ላይ ምሳ ለሚበላ፣ መስኮት ከፍቶ ለሚሠራ፣ ባጠቃላይ እንደ ሰው ለሚኖር ባለቤት የተሠራ አይመስልም።

የብልሽቱ ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ኋላ አፕል ራሱ በጽሑፍ ያስቀመጣቸውም እነዚህኑ ነው። አንድ ጊዜ የተመታች ፊደል ሁለቴ ትጻፋለች፤ ወይም ጭራሽ አትጻፍም፤ ወይም ደግሞ ቁልፏ የተጣበቀች ይመስል አንዴ ትሠራለች፣ አንዴ እምቢ ትላለች። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ጉዳቱ ይብሳል። በድምፅ በሚሠሩት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንድን ፊደል ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ተነባቢውን፣ ቀጥሎ አናባቢውን። «ሰላም» ሊጻፍ ሲል የመጀመሪያዋ አናባቢ ካልሠራች ቃሉ «ስላም» ይሆናል፤ ሁለተኛዋ ከቀረች «ሰልም» ሆኖ ቁጭ ይላል። የእንግሊዝኛውን ግድፈት አራሚ ፕሮግራም ያቃናዋል፤ የአማርኛውን ግን ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው በዓይኑ ለቅሞ ማረም ይኖርበታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አቤቱታ ይዞ ወደ አፕል መደብር የሄደ ሰው የሚሰጠው ምክር ኪቦርዱን እንዲያጸዳ ነበር። የጽዳቱ መመሪያ ለብቻው ሊነበብ ይገባዋል። ላፕቶፑ ተከፍቶ በ75 ዲግሪ፣ ማለትም ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው፣ ዘንበል ተደርጎ ይያዛል፤ በቆርቆሮ የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ ይነፋበታል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኑ ዞሮ እንደገና ይነፋል፤ ወደ ግራ ጎኑ ዞሮም ይደገማል። አንዳንዴ ይሠራል። ከሺህ ዶላር በላይ ለወጣበት ዕቃ የተሰጠ መፍትሔ መሆኑ ግን ብዙዎችን አስቆጥቷል። ጋዜጠኛዋ ኬሲ ጆንስተን በ2017 «ዘ አውትላይን» በተባለ ድረ ገጽ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ የራሷ ማክቡክ ላይ የደረሰውን ስትተርክ፣ በየቤቱ ሲንጎራጎር የነበረው ሁሉ አደባባይ ወጣ። በሜይ 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጁን 22 ቀን 2018፣ አፕል የነፃ ጥገና ፕሮግራሙን ይፋ አደረገ። ከተዘረዘሩት ሞዴሎች አንዱ ያለው ሰው፣ ላፕቶፑ መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ለአራት ዓመት፣ ዋስትናው ቢያልቅበትም እንኳ ኪቦርዱ ያለ ክፍያ ይጠገንለት ነበር። ቀደም ሲል ከኪሱ ከፍሎ ያስጠገነም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችል ነበር። ኩባንያው ችግሩ የደረሰው «በጥቂት ማሽኖች» ላይ ነው ቢልም፣ የአራት ዓመት ነፃ ጥገና ለጥቂት ማሽኖች ተብሎ የሚታወጅ ነገር አይደለም።

ፕሮግራሙ በወረቀት ላይ ለጋስ ነበር። ጥገናው ራሱ ምን እንደሚመስል ግን ላፕቶፑ ሲከፈት ይታያል። የቢራቢሮው ኪቦርድ በብሎን የታሰረ ሳይሆን በጥቃቅን ሪቬቶች ከላይኛው የአሉሚኒየም ገበታ ጋር የተሰፋ ነው። ባትሪው ደግሞ በዚያው ገበታ ሆድ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል። አንዲት ቁልፍ ብቻ ከሆነች የታመመችው ክዳኗን መቀየር ይቻል ይሆናል፤ ያም ቢሆን ጥርሶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ስትነቀል ትሰበራለች። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ግን ገበታው እንዳለ፣ ኪቦርዱም ባትሪውም አብረው ይነሣሉ። በአንዲት ፍርፋሪ ምክንያት የማሽኑ ግማሽ አካል ይጣላል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከመታወጁ በፊት ዋስትናው ያለቀበት ሰው ለዚህ ሥራ ብዙ መቶ ዶላር ይጠየቅ የነበረውም ስለዚሁ ነው። ነፃው ጥገና ከመጣ በኋላ ባትሪው ላረጀበት ሰው ይህ ያልታሰበ ሲሳይ ሆነለት፤ ለኪቦርድ ገብቶ ከአዲስ ባትሪ ጋር ይወጣ ነበር።

ይሁንና ከሁሉ የሚከፋው የመለዋወጫው ነገር ነው። በተበላሸው ቢራቢሮ ቦታ የሚገጠመው ሌላ ቢራቢሮ ነበር። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ ብዙ ሰው ኪቦርዱን አስቀይሮ ከወራት በኋላ ያንኑ ብልሽት ይዞ ወደዚያው መደብር ተመለሰ። አፕል በጁላይ 2018 ባወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ከቁልፎቹ ሥር ስስ የሲሊኮን ሽፋን አኖረ። ለሕዝብ የተነገረው ሽፋኑ የቁልፎቹን ድምፅ ለመቀነስ እንደሆነ ነው፤ ለጠጋኞቹ የተላከው የውስጥ ሰነድ ግን ሽፋኑ ብናኝ እንዳይገባ የተደረገ መሆኑን ይናገር ነበር። ሽፋኑም አላዳነውም። በማርች 2019 «ዎል ስትሪት ጆርናል» ላይ ጋዜጠኛዋ ጆአና ስተርን ሁለት ፊደላት እየዘለለች ጽሑፏን አወጣች፤ ኪቦርዷ በትክክል የማይጽፋቸው ፊደላት ነበሩ። ኩባንያው በዚያ ጊዜ ለተቸገሩት ደንበኞች ይቅርታ ጠየቀ።

በሜይ 2019 የሆነው ነገር ለዚህ ታሪክ ፍርድ ለመስጠት ይበቃል። አፕል የኪቦርዱን አንዳንድ ቁስ የቀየረበትን አዲስ ማክቡክ ፕሮ አስተዋወቀ፤ በዚያው ዕለት ቢራቢሮ ያለባቸውን ላፕቶፖች በሙሉ፣ ገና ከካርቶን ያልወጡትን አዲሶቹን ጨምሮ፣ በነፃ ጥገናው ውስጥ አስገባ። ዕቃን ከነበሽታው መዝገብ መሸጥ ማለት ይህ ነው። በኖቬምበር 2019 ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ አንድ ሚሊሜትር የሚወርዱ ቁልፎች ይዞ ወደ መቀሱ አሠራር ተመለሰ። በማርች 2020 ማክቡክ ኤር፣ በሜይ ደግሞ ባለ 13 ኢንቹ ፕሮ ተከተሉት፤ ቢራቢሮውም በዚያው ቀረ።

የፍርድ ቤቱ ክርክር ከኪቦርዱ ዕድሜ ረዝሟል። አፕል ነፃ ጥገና ስለሰጠሁ ክሱ ይዘጋልኝ ሲል አመልክቶ ነበር። በሳን ሆዜ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ኤድዋርድ ዳቪላ በ2019 መጨረሻ ጥያቄውን አልተቀበሉም፤ የከሳሾቹ መከራከሪያ፣ ማለትም የተበላሸን ኪቦርድ በዚያው ዓይነት ኪቦርድ መተካት ፍቱን መፍትሔ አይደለም የሚለው፣ ሊሰማ ይገባዋል አሉ። በ2022 አፕል ጥፋተኛነቱን ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ስምምነቱ በ2023 ጸደቀ። ክፍያው በጥገናው ዓይነት ተከፋፍሏል፦ ገበታውን ሁለቴና ከዚያ በላይ ላስቀየረ እስከ 395 ዶላር፣ አንዴ ላስቀየረ እስከ 125፣ የቁልፍ ክዳን ብቻ ለተቀየረለት እስከ 50። ተጠቃሚዎቹ ግን ላፕቶፑን ካሊፎርኒያን፣ ኒው ዮርክን፣ ዋሽንግተንን ጨምሮ በሰባት የአሜሪካ ግዛቶች የገዙ ብቻ ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ሆኖ የገዛ ሀበሻ ከስምምነቱ ውጭ ነው፤ ሲያትል ሆኖ የገዛው ግን ተካቷል።

አዲስ አበባም ቢሆን ወሳኙ ላፕቶፑ የተገዛበት ቦታ ነበር። አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መደብር የለውም። እዚህ ያለው ማክቡክ በአብዛኛው ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ ያመጣው፣ አለዚያም ከዱባይ የተገዛ ነው። የጥገና ፕሮግራሙ ጽሑፍ ደግሞ አፕል ጥገናውን መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ብቻ ሊወስነው እንደሚችል ይገልጽ ነበር። ባለቤቱ ላፕቶፑን በተጓዥ እጅ መልሶ ካልላከ በቀር፣ መብቱ የነበረው ውቅያኖስ ማዶ ነው። የአገር ውስጥ ጠጋኝ የሚያደርገው ከሌላ ከሞተ ማክቡክ ላይ ገበታውን አውጥቶ መግጠም ነው፤ እጁ የሠለጠነ ከሆነ ሥራው ያምራል፣ የሚገጠመው ግን ያው ቢራቢሮ፣ ያውም ያገለገለ ባትሪ ያለበት ነው።

በየትኛውም አምራች ዘንድ ቢሆን ለኪቦርድ ጥገና የሚቀርብ ሰው የሚገጥመው ዋናው እንቅፋት ብልሽቱ መጥቶ ሂያጅ መሆኑ ነው። ቤት ሲያስለቅስ የሰነበተች ቁልፍ ባለሙያው ፊት ስትቀርብ እንደ ጨዋ ልጅ ትሠራለች። ስለዚህ ብልሽቱ በታየበት ሰዓት በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ከብዙ ክርክር ያድናል። የመለያ ቁጥሩን በወረቀት መገልበጥ፣ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ፣ ሲረከቡም የተቀየረውን ዕቃ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ መቀበል የግድ ነው። በአሜሪካው ስምምነት ሁለቴ ያስቀየሩና አንዴ ያስቀየሩ ሰዎች የተለያየ ገንዘብ ያገኙት የጥገናቸው መዝገብ ስለነበረ ነው። ውሃ ወይም ቡና የፈሰሰበት ላፕቶፕ ሲከፈት በውስጡ ያለው ምልክት ያጋልጠዋል፤ በአፕል ፕሮግራም ለጥገናው እንቅፋት የሚሆን ሌላ ጉዳት ካለ ያ በክፍያ እስኪጠገን ድረስ ነፃው አይጀመርም ነበር።

ሁሉም አምራች በአንድ ዓይን አይታይም። ሌኖቮ ለቲንክፓድ ላፕቶፖቹ የጥገና መመሪያ ለማንኛውም ሰው ያወጣል፤ በብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ኪቦርዱ ጥቂት ብሎን ተፈትቶ የሚወጣ ነው፤ ለጠጋኙ የሩብ ሰዓት ሥራ። ፈረንሳይ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሁሉ ዕቃው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠገን ከ10 የተሰጠውን ነጥብ ከዋጋው አጠገብ እንዲያሳይ በሕግ አስገድዳለች። አፕልም በ2022 ለባለቤቶች መለዋወጫ መሸጥ ጀምሯል፤ ነገር ግን የላፕቶፕ መለዋወጫው ሽያጭ ኤም 1 ከተባለው ቺፕ ወዲህ ካሉት ስለጀመረ ቢራቢሮ ያላቸው አልተካተቱም።

የነፃ ጥገናው አራት ዓመት ለአብዛኞቹ ቢራቢሮ ማክቡኮች አልቋል፤ ላፕቶፖቹ ግን ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም። የቀስት ቁልፎቹን ማየት ይበቃል፦ የግራና የቀኙ ቀስት እንደ ፊደል ቁልፎች ሙሉ ቁመት ካላቸው ኪቦርዱ ቢራቢሮ ነው፤ አራቱም ቀስቶች ግማሽ ቁመት ከሆኑ መቀስ ነው። ገዢው ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ባዶ ገጽ ከፍቶ እያንዳንዷን ቁልፍ፣ በተለይ ረጅሟን የክፍተት ቁልፍና አናባቢዎቹን፣ አሥር አሥር ጊዜ ይምታ፤ ቢራቢሮ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሙሉ ገበታ ዋጋ ከሚከፍለው ላይ ይቀንስ።