የሰውነትን ተዋጊ ኃይል የሚያጠናው ሳይንስ ለማን ነው?

ጤና ጣቢያዎች ሳይሟሉ ኢሚዩኖሎጂን፣ ማለትም ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ሥርዓት የሚመረምረውን ሳይንስ፣ በከፍተኛ ደረጃ ማጥናት ለድኻ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አመለካከት ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተትነቱ ግን አሌ አይባልም። ማስረጃ ፍለጋም ባሕር መሻገር አያሻንም። ማስረጃው አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ቆሟል፤ ጥቅሙም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ እርፍ እስከ ጨበጠው ገበሬ ይደርሳል።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሥጋ ደዌ በጎጃም ምድር ለዘመናት ብዙ ወገን ያጎሳቆለ በሽታ ነው። በአንድ ወቅት በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስሙ የገነነው የጥኖራም፣ ብቸናና ሞጣም የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። በዘር የሚወርድ እርግማን ነው እየተባለ ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ተነጥሎ በየደጀ ሰላሙና በየጠበሉ እንዲንከራተት ተፈርዶበት ኖሯል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ሲያገኝ የእርግማኑ ተረት ከመሠረቱ ተናደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በስሙ የሚጠራው የምርምር ተቋም፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አማካይነት፣ ከ1965 ጀምሮ ይሠራ ከነበረው ከአለርት ጎን በአገራችን ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሞርተን ሐርቦ የኢሚዩኖሎጂ ሊቅ ነበር።

ኢሚዩኖሎጂ ለምን አስፈለገ? ይህ ባክቴሪያ እንደሌሎቹ በላቦራቶሪ አይበቅልም። ራሱን ለማባዛት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ በሽታው እስኪገለጥም በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ጠላትን ለማወቅ ጠላትን የሚጋፈጠውን ኃይል መመርመር ግድ ሆነ። አንባብያን በጥሞና እንዲከታተሉን የምንሻው እዚህ ላይ ነው። ከመቶ ሰው 95 ያህሉ ባክቴሪያው ቢያገኘውም አይታመምም። ከሚታመሙት መካከል የአንዱ ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሳቱን አዝምቶ ባክቴሪያውን በጥቂት ቦታ ያፍነዋል፤ የሌላው ሕዋሳት ግን ጠላታቸውን እንዳላዩ ያልፉታል፤ በሽታውም በመላ ቆዳው ይንሰራፋል። የሚያስገርመው፣ በዚህ በተሸነፈው ሰው ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ሞልተው መገኘታቸው ነው። ባክቴሪያው በሕዋሳት ውስጥ ስለሚሸሸግ አይደርሱበትም።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም። ሕመምተኛው መድኃኒት እየወሰደ ሳለ በገላው ላይ ያለው ምልክት ድንገት ይቀላል፣ ነርቩ ያብጣል፣ እጁ ይዝላል። ጎረቤት «መድኃኒቱ ጎዳው» ይላል፤ ሕክምናውም ይቋረጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንቀላፍቶ የነበረው የመከላከል ኃይል ነቅቶ ባክቴሪያውን ሲወጋ፣ ባክቴሪያው የተደበቀበትን ነርቭም አብሮ ይጎዳል። የሚያሻው መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይህን ቁጣ በፕሬድኒሶሎን ማብረድ ነው። ወራት ካለፉ ነርቩ ይሞታል። ነርቩ የሞተበት ገበሬ እርፉ መዳፉን ሲልጠው፣ እሾህ እግሩን ሲወጋው አይሰማውም፤ ሴቲቱም ምድጃ ሲያቃጥላት አታውቅም። ጣት የሚያጥረው በአብዛኛው ያልታወቀ ቁስል እየመረቀዘ ነው። ሰውዬው ከባክቴሪያው ድኖ፣ ከእርሻው የሚያፈናቅለው ይኸው የነርቭ ጉዳት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ በአገራችን የሚሠራበት የጥምር መድኃኒት ሕክምና በ6 ወይም በ12 ወራት ያድናል፤ የሚሰጠውም በነፃ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕመምተኞች ይመዘገባሉ። ብዙዎቹ የሚዘገዩት በመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም፤ እፍረትም ያዘገያል።

ከዚህ አንፃር ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2004 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆኗል፤ ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች በሽታዎችንም ያጠናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ኢሚዩኖሎጂ በዋና ከተማው ላቦራቶሪ ታጥሮ መቅረት የለበትም። በደብረ ማርቆስ የሚማረው ወጣት ሐኪም በደንብ ሊማረው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የነርቭ እብጠትን ከመድኃኒት ጉዳት ለይታ በገበሬው ቋንቋ ልታስረዳ ይገባል። የዕድርና የቀበሌ ማኅበር አባላት፣ በየፋብሪካውም ያላችሁ ሠራተኞች፣ ሲነካ የማይሰማ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት በቆዳው ላይ የታየበትን ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሳታገሉ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሕክምና ላይ ሳለ ምልክቱ ቢቀላ ወይም እጁ ቢዝልም በዚያው ዕለት መልሳችሁ ውሰዱት።