ለታማሚ እንቅልፍም መድኃኒት ነው

የታመመን መጠየቅ የተከበረ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዎች አልጋውን ከበው እስከ ሌሊት ሲያወጉ፣ ቡናውም እዚያው ሲፈላ፣ ታማሚው መቼ ይተኛል? እንቅልፍ ሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይሉን የሚያድስበት ጊዜ ነው። በምሽት የተጠጣ ቡና ግን ከ5 ሰዓት በኋላም እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልም አየሩን ይመርዛል።

«ጠያቂን ማስነሣት ነውር ነው» የሚሉ አሉ። እንግዳን ማክበር ተገቢ ነው፤ የታማሚው ዕረፍት ግን ይቀድማል። ስለዚህ በቤታችሁ ሰው ሲታመም ወላጆቻችሁን አማክራችሁ ቡናው ከደጅ እንዲፈላ አድርጉ፤ መብራቱን ቀንሱ፤ ታማሚው በየማታው በተወሰነ ሰዓት እንዲተኛ እርዱት። እናንተም ጠያቂ ስትሆኑ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብላችሁ ሳትቆዩ ተሰናበቱ። በጊዜ መነሣትም የፍቅር ምልክት ነው።