ድንኳኑ ከተነሣ በኋላስ?



የሰፈራችን ሰው በለቅሶ አይታማም። ጡሩምባ ሲነፋ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ እንጀራና ወጥ አዋጥቶ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ይህ የዕድራችን ክብር ነው። ይሁን እንጂ ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ እኛም አብረን እንነሣለን። ሐዘንተኛዋ እንቅልፍ የሚያጥራት፣ ምግብ አልበላ የሚላት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው።

ደግሞስ ለችግር ሁሉ ጡሩምባ ይነፋለታል እንዴ? ከሥራ የተሰናበተ አባወራ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ ከቤት አልወጣ ያለች ልጅ፣ መጠጥ ያሸነፈው ጎልማሳ በየግቢያችን አሉ። “አማኑኤል ገባ” መባልን ፈርተው ዝም ይላሉ። እኛም “የሰው ጓዳ ነው” ብለን እናልፋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን፣ የሚደብቅበትን ምክንያት የምንሰጠው እኛው ነን።

በእኛ እምነት፣ ለተጨነቀ ሰው ትልቅ ድጋፍ የሚሆነው ያንኑ መንገድ ያለፈበት ሰው ነው። “አይዞሽ፣ ያልፋል” ማለት ለማንም ቀላል ነው። ልጇን ቀብራ ዛሬ ቆማ የምትሄድ እናት ስትለው ግን ይታመናል። መጠጥ የተወ ሰውም የደመወዝ ቀን እንዴት እንደሚከብድ፣ በየት ዞሮ ቤት እንደሚገባ ያውቃል።

ይህ ባዶ ምኞት አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ከ14 አረጋውያን እናቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። እናቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ። ሕመሙን በሾና ቋንቋ “ኩፉንጊሲሳ” ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ “ሐሳብ ገደለኝ” እንል የለም? በ24 ጤና ጣቢያዎች ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አሳይቷል። የተረዱትም በተራቸው ተሰብስበው፣ ከረጢት እየሠሩ የሚመካከሩበት ስብስብ አላቸው።

እኛም ቡናው አለን፣ ዕድሩም አለን። ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ሊያሳስብ ይወዳል፦

አንደኛ፣ ከሠልስት እስከ አርባ ባለው ጊዜ፣ ተመሳሳይ ሐዘን ያለፈባቸው ሁለት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ሐዘንተኛውን ይጠይቁ። በሌላም ችግር እንዲሁ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ማዳመጥ ይቅደም፤ ፍርድና ተግሣጽ ይቅር።

ሦስተኛ፣ የተሰማው እዚያው ይቅር። ወሬው ቡና ላይ ከወጣ ዳግመኛ በሩን የሚከፍትልን የለም።

ጎረቤት ግን ሐኪም አይደለም። መድኃኒት የጀመረውን ሰው “ተወው ባክህ” ማለት ነውር ነው። “መኖር ሰለቸኝ” የሚል ቃል ከተሰማም ምሥጢር ነው ተብሎ አይያዝም፣ ለነገም አይባልም፤ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዞ መሄድ ነው።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጡሩምባ እስኪነፋ አንጠብቅ።